ዕለታዊ የማሰላሰያ መዝገብ አያያዝ፦ በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ ለሚያገለግሉ ካህናትና መጋቢዎች

በደብረ ብርሃን፣ በአንኮበርና በዙሪያቸው ባሉ አጥቢያዎች የሚያገለግል ካህን ወይም መጋቢ ቀኑን በጸሎት ቢጀምርም፣ ከጸሎቱ በኋላ የሚጠብቀው ሥራ ብዙና የተበታተነ ነው፤ ኪዳን አድርሶ እንደ ወጣ የታመመ ይጠይቃል፣ የተጣላ ያስታርቃል፣ የሞተ ይቀብራል፣ ሲመሽም ማኅበር ይባርካል ወይም ጉባኤ ያስተምራል። በዚህ ሁሉ መካከል የሰማውን ቃል፣ የተደረገለትን ቸርነትና ለሌላው ሊያደርገው የሚገባውን ነገር አንድ ላይ አድርጎ የሚያስብበት ጊዜ ካልለየ፣ ስብከቱ ካለፈው ዓመት የተገለበጠ ይሆናል፣ ምስጋናውም የአፍ ልማድ ሆኖ ይቀራል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ያንን ጊዜ ለይተው፣ ያሰቡትንም በጽሑፍ ለመያዝ ለሚፈልጉ አገልጋዮች ነው።

እዚህ ላይ ማሰላሰል የሚባለው ከቅዱሳት መጻሕፍት አንድ ንባብ ይዞ፣ በንባቡ ፊት የራስን ሕይወት ደጋግሞ መመርመር ነው። ከጥናት ይለያል፤ ጥናት የንባቡን ትርጓሜ ሲፈልግ፣ ማሰላሰል ትርጓሜው ከታወቀ በኋላ አንባቢው ምን ሊሆን እንደሚገባው ይጠይቃል። ከስብከት ዝግጅትም ይለያል፤ ሰባኪ ጉባኤውን እያሰበ ሲጽፍ፣ የሚያሰላስል ሰው በእግዚአብሔር ፊት ብቻውን እንዳለ ሆኖ ይጽፋል። መዝገቡ እምነት፣ ምስጋናና አገልግሎት የሚባሉ ሦስት ክፍሎች ያሉት ሲሆን፣ ከእነዚህ አንዱ ተነጥሎ ከተያዘ ሥራው ይበላሻል፤ በተለይ ለአንድ ለታወቀ ሰው ወደሚደረግ አገልግሎት ያልደረሰ ማሰላሰል፣ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ እንዳልተፈጸመ ሊቆጠር ይገባል።

1. ሰዓቱንና ቦታውን መወሰን

ጊዜ ሲገኝ ተብሎ የተተወ ማሰላሰል በአጥቢያ ሥራ ውስጥ ጊዜ አያገኝምና አስቀድመው ሰዓት ይወስኑ። ለዚህ አዲስ ሰዓት መፍጠር አያስፈልግም፤ ቤተ ክርስቲያን ለጸሎት ከለየቻቸው ሰባት ጊዜያት፣ ማለትም ከነግህ፣ ከሠለስት፣ ከቀትር፣ ከተሰዓት፣ ከሠርክ፣ ከንዋምና ከመንፈቀ ሌሊት፣ ሁለቱን መርጦ በእያንዳንዳቸው ላይ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ መጨመር ይበቃል። የነግሁ ጊዜ ለንባብና ለእምነት ክፍል፣ የንዋሙ ማለትም የመኝታው ጊዜ ደግሞ ለምስጋናና ለአገልግሎት ክፍል ይመቻል፤ ምክንያቱም ንባቡ ከቀኑ በፊት መቅደም ሲኖርበት፣ ምስጋናውና የአገልግሎቱ ሒሳብ ግን ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው የሚታወቀው።

ሰዓቱ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ሊሆን አይችልም። በጾም ቀናት ቅዳሴ ከቀትር በኋላ ስለሚሆን ጠዋቱ ሰፊ ነው፤ እሑድና በበዓላት ግን አገልግሎቱ ከሌሊት ስለሚጀምር ጠዋት ለመጻፍ መሞከር ሁለቱንም ማጎሳቆል ነውና ሁሉም ወደ ማታ ይዛወር። የአየሩንም ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል፤ ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ እንደ መሆኗ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ውርጩ በሚበረታበት ወቅት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ተቀምጦ መጻፍ እጅ ያደነዝዛል። በእነዚህ ወራት ጸሎቱን በሰዓቱ አድርሶ ጽሕፈቱን ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ማድረግ ስንፍና አይደለም፤ ከአቅም በላይ የተወሰነ ሰዓት በሁለተኛው ሳምንት እንደሚተው የታወቀ ነው።

2. የሚያስፈልጉ ነገሮች

ዋናው ዕቃ ጠንካራ ልባስ ያለው የመስመር ደብተር ነው። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ገጽ ይመድቡ፤ በገጹ ራስ ላይ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከነዕለቱ መታሰቢያ ይጻፉ፣ ለምሳሌ በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም እያሉ። ይህ ለማስጌጥ የሚደረግ አይደለም፤ ሰዎች ችግራቸውንና ስለታቸውን የሚያስታውሱት በእነዚህ ቀናት ስለሆነ፣ አንድ ምእመን ባለፈው ሚካኤል የነገርኩዎት ጉዳይ ብሎ ሲመጣ ገጹን ወዲያው ለማግኘት ይረዳል። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የሚያገለግል መጋቢ በመታሰቢያው ፋንታ የሳምንቱን የጉባኤ ርእስ ሊጽፍ ይችላል።

ከመጻሕፍት መጽሐፍ ቅዱስና ግጻዌ ያስፈልጋሉ። ግጻዌ ማለት ለየዕለቱ የሚነበበውን የጳውሎስ መልእክት፣ የሌሎች ሐዋርያት መልእክት፣ የሐዋርያት ሥራ፣ ምስባክና ወንጌል፣ እንዲሁም የሚቀደሰውን የቅዳሴ ዓይነት የሚያመለክት መጽሐፍ ሲሆን፣ ምስባክ የሚባለው ከመዝሙረ ዳዊት ተወስዶ ከወንጌል በፊት በዲያቆን የሚዜመው አጭር ክፍል ነው። ስንክሳር ማለትም የየዕለቱ የቅዱሳን ታሪክ መጽሐፍ ቢገኝ መልካም ነው፤ ባይገኝ ግን ሥራው አይቆምም።

የመዝሙር ቁጥር ሲጻፍ ጥንቃቄ ያሻል። የግእዙ ዳዊት የሰብዓ ሊቃናትን አቆጣጠር ስለሚከተል፣ ከዕብራይስጡ አቆጣጠር ጋር በተስማሙት የአማርኛ እትሞች ውስጥ 23 ወይም 103 ተብለው የተቆጠሩት መዝሙራት በእርሱ 22 እና 102 ናቸው። ሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን ያልጻፈ ሰው ከወራት በኋላ የራሱን ማስታወሻ ይዞ የተሳሳተ መዝሙር ላይ ያርፋል።

ስልክ ለንባብ ሊያገለግል ይችላል፤ ለጽሕፈት ግን አይመከርም። ለንባብም ሲያዝ ኔትወርኩ ይዘጋ፤ በማሰላሰል መካከል የሚገባ አንድ መልእክት ሐሳቡን ወስዶ አይመልሰውምና። መብራት በሚጠፋበት ምሽት ሥራው እንዳይስተጓጎል ጧፍ ወይም የእጅ ባትሪ ከደብተሩ አጠገብ ይቀመጥ።

3. አንድ ንባብ ብቻ መያዝ

ግጻዌው ለቀኑ ካመለከታቸው ንባባት አንዱን ብቻ ይምረጡ፤ ወንጌሉን ወይም ምስባኩን መያዝ ለጀማሪ ይቀላል። የተመረጠውን ሦስት ጊዜ ያንብቡ፤ በመጀመሪያ ነገሩን ለማወቅ፣ በሁለተኛው ድምፅን ከፍ አድርጎ፣ በሦስተኛው ደግሞ ልብን በነካው ወይም ባስቸገረው ስፍራ ቆሞ። ግጻዌ የማይጠቀም አገልጋይ አንድ መጽሐፍ ይዞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተከታታይ ይሂድ፤ ለምሳሌ የሉቃስ ወንጌል 24 ምዕራፎች በቀን ግማሽ ምዕራፍ ቢነበቡ በ48 ቀናት ያልቃሉ።

በዚህ ደረጃ የሚፈጸመው ትልቁ ስሕተት ቀድሞ ለተያዘ ሐሳብ የሚስማማ ጥቅስ መፈለግ ነው። ከሰበካ ጉባኤ አባል ጋር የተከራከረ አገልጋይ በማግሥቱ ስለ ግብዞች የሚናገር ንባብ ቢመርጥ፣ እያሰላሰለ ሳይሆን በመጽሐፉ ክርክሩን እየቀጠለ ነው። በሥርዓት የተመደበ ንባብ የሚጠቅመው ሰው በራሱ ፈቃድ የማይመርጠውን ቃል ስለሚያመጣ ነው።

4. የእምነት ክፍል

ከንባቡ በኋላ ከአምስት እስከ ሰባት መስመር ይጻፉ። የሚመለሱት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፤ ይህ ንባብ እግዚአብሔርን እንዴት ያለ ነው ይላል? ይህን ለማመን ዛሬ የሚያስቸግረው ምንድን ነው? ብዙዎች የመጀመሪያውን በደንብ መልሰው ሁለተኛውን ይዘሉታል፤ ካህን ወይም መጋቢ ጥርጥሩንና ድካሙን በወረቀት ላይ ማስፈሩ ነውር ይመስላቸዋልና። ሆኖም መዝሙረ ዳዊት በእሮሮና በጥያቄ የተሞላ ነው፤ በማርቆስ ወንጌል 9ኛ ምዕራፍ የታመመውን ልጅ ያመጣው አባትም እምነቱንና አለማመኑን በአንድነት ይዞ ቀርቦ ባዶውን አልተመለሰም። በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ሕፃናት የቀበረ አገልጋይ የዚያን ወር ገጾች እንደ ደኅናው ወር አድርጎ ቢጽፍ መዝገቡ እውነት አይሆንም።

አረፍተ ነገሮቹ ምእመናን እንዲህ ሊያደርጉ ይገባል ወይም ሕዝባችን እንዲህ ሆኗል የሚሉ እንዳይሆኑ ይጠንቀቁ። ስለ ሌላው መጻፍ ከተጀመረ ስብከት ተጀምሯል።

5. የምስጋና ክፍል

ይህ ክፍል ቀላል መስሎ ብዙዎች የሚወድቁበት ነው። በኢትዮጵያውያን ዘንድ ሰላምታ የሚመለሰው በምስጋና ነው፤ የታመመውም፣ የተቸገረውም፣ የደላውም እንደምን አደሩ ሲባል እግዚአብሔርን አመስግኖ ይመልሳል። ይህ ድንቅ ልማድ ቢሆንም፣ ስለ ሁሉም ነገር በጅምላ ማመስገን የለመደ አንደበት ስለ ምን እንደሚያመሰግን ሊረሳ ይችላል። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ ለጤና፣ ለሰላም፣ ለዕድሜ ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ እያንዳንዱ ምስጋና ምን እንደ ተደረገ፣ በማን እጅ እንደ ተደረገና መቼ እንደ ተደረገ የሚያሳይ መሆን አለበት። ብርዱ በጸናበት ሌሊት ቀድሞ መጥቶ ደወል የደወለው ሰው፣ ለቤተ መቅደሱ መገበሪያ ስንዴ የለቀመችው እናት፣ ከፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ እንደ ወጣ ሳይተኛ ኪዳን ላይ የቆመው ወጣት፣ ሁሉም በገጹ ላይ ቦታ አላቸው።

ቁጥሩን ያሳንሱ፤ በቀን ሦስት ነገር በቂ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ሮበርት ኢመንስና ማይክል መከላው የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ያመሰገኑባቸውን እስከ አምስት የሚደርሱ ነገሮች በሳምንት አንድ ጊዜ የጻፉ ተሳታፊዎች ችግራቸውን ከጻፉት ይልቅ ስለ ሕይወታቸው የተሻለ ስሜት እንዳላቸው ተመዝግቧል። የክርስቲያን ምስጋና ዓላማ የተሻለ ስሜት ማግኘት አይደለም፤ ነገር ግን ጥቂትና የተለየ ሆኖ በቋሚነት የተመዘገበ ምስጋና እንደሚጠቅም ከዚህም መረዳት ይቻላል።

በሉቃስ 17 ከተነጹት ዐሥሩ ለምጻሞች መካከል አንዱ ብቻ ተመልሶ መምጣቱ የሚያስተምረው ምስጋና በልብ ከመታሰቡ በላይ መንገድ መመለስን እንደሚጠይቅ ነው። በመሆኑም በገጹ ላይ ከተጻፉት ሦስት ምስጋናዎች ቢያንስ አንዱ በማግሥቱ ለሚመለከተው ሰው በቃል ይነገር፤ ከተነገረም በኋላ በኅዳጉ ላይ ምልክት ይደረግበት። በአጥቢያ አገልግሎት ውስጥ የዲያቆናት፣ የዘበኞች፣ የውኃ ቀጂዎችና የጽዳት ሠራተኞች ድካም ለዓመታት ሳይመሰገን ይቀራል፤ ይህ ደግሞ በቀላሉ ሊታረም የሚችል ትልቅ በደል ነው።

ሁለት ስሕተቶች በተለይ መወገድ አለባቸው። አንደኛው በንጽጽር ማመስገን ነው፤ እንደ እነዚያ ስላላደረግኸኝ የሚል ምስጋና በሉቃስ 18 የተነቀፈው የፈሪሳዊው ጸሎት ነው፤ የተቸገሩ ሰዎችን ጠይቀው በተመለሱበት ማታ ወደዚህ መንሸራተት ቀላል ስለሆነ ያን ዕለት የተጻፈውን ሁለት ጊዜ ማንበብ ይገባል። ሁለተኛው፣ የበለጠ የሚጎዳውም ይኸው ነው፣ የተጎዳን ሰው ስለ ጉዳቱ አመስግን ብሎ ማስገደድ ነው። በደብረ ብርሃን የመጠለያ ጣቢያዎች ከወለጋና ከሌሎች አካባቢዎች ተፈናቅለው የመጡ፣ ቤተሰብና ንብረት ያጡ ሰዎች ይኖራሉ፤ በዙሪያው ባሉ ቀበሌዎችም ገብሱን ወይም ባቄላውን በአንድ ሌሊት ውርጭ ያጣ ገበሬ አለ። ቅዱስ ጳውሎስ በማናቸውም ሁኔታ እንድናመሰግን ማዘዙ ክፉውን መልካም ነው እንድንል ማዘዙ አይደለም። ለእንዲህ ያሉ ሰዎች አገልጋዩ መጀመሪያ የሚሰጠው ጆሮውን ነው፤ ምስጋናው ጊዜው ሲደርስ ከራሳቸው አንደበት ይወጣል፤ እስከዚያም ድረስ አገልጋዩ በራሱ ገጽ ላይ ስለ እነርሱ መኖር ያመስግን፣ ስለ ሥቃያቸው ደግሞ ይማልድ።

6. የአገልግሎት ክፍል

በዚህ ክፍል የሚጻፈው አንድ ተግባር ብቻ ነው፤ ተግባሩም አራት ነገሮችን ሊይዝ ይገባዋል፦ ለማን፣ ምን፣ መቼና ከማን ጋር። ድሆችን መርዳት ብሎ መጻፍ ምኞት ነው፤ ሐሙስ 9 ሰዓት ላይ ከአንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት ጋር በሆስፒታል የተኛችውን እናት መጠየቅ ግን ተግባር ነው። የያዕቆብ መልእክት በ2ኛው ምዕራፍ የታረዘውንና የተራበውን በመልካም ቃል ብቻ የሚያሰናብትን ሰው የሚነቅፈው ይህን ልዩነት ለማሳየት ነው።

ተግባሩ ከጠዋቱ ንባብና ከማታው ምስጋና እንዲወለድ ይፈለጋል፤ ሆኖም ግንኙነቱ በግድ አይፈጠር። ንባቡ የሚመራበት ግልጽ ተግባር በሌለበት ቀን በአጥቢያው አስቀድሞ የታወቀ ችግር ይወሰድ፤ ለዚህም በደብተሩ የመጨረሻ ገጾች ላይ የታመሙ፣ አረጋውያን፣ በቅርብ ቀብር ያደረጉና ከቤተ ክርስቲያን የራቁ ሰዎች ዝርዝር ይያዝ። ወቅቱም ራሱ ያመለክታል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ብርድ ልብስና ማገዶ እንዳላቸው ማየት ከብዙ ስብከት ይበልጣል፤ በክረምት የሚያፈስ ጣሪያ፣ በመስከረም ደግሞ የተማሪ ደብተርና ዩኒፎርም ይጠየቃል።

ከአገልጋዩ አቅም በላይ የሆነውን ለብቻ መሸከም ስሕተት ነው። እድር፣ ሰንበቴ ማለትም በየእሑዱ ተራ ገብተው ጠበል ጸዲቅ የሚያዘጋጁ ምእመናን ኅብረት፣ በየወሩ በቅዱሳን መታሰቢያ የሚሰበሰቡ የጽዋ ማኅበራትና ሰበካ ጉባኤው ሁሉም ሰውና ገንዘብ ማስተባበር ይችላሉ፤ የአገልጋዩ ድርሻ ችግሩን አይቶ ለሚመለከተው ማድረስና መፈጸሙን መከታተል ነው። ያልተፈጸመ ተስፋ ከመጀመሪያው ካልተሰጠ ተስፋ ይልቅ ያቆስላልና፣ ገንዘቡ ሳይገኝ ለችግረኛው ቃል አይግቡ። ርዳታ ሲሰጥ ተቀባዩን ፎቶ አንሥቶ ማሰራጨትም በማቴዎስ 6 ስለ ምጽዋት ከተሰጠው ትምህርት ጋር አይስማማም፤ ሒሳብ ማሳየት ካስፈለገ ደረሰኝ ይበቃል።

ለማሳያ ያህል አንድ አጠር ያለ ገጽ እንዲህ ሊመስል ይችላል፦

ኅዳር 14። ንባብ፦ ሉቃስ 17፥11–19።
እምነት፦ ዘጠኙም ታዘው ሄደዋል፤ መታዘዝ ብቻውን ወደ ጌታ አልመለሳቸውም። በዚህ ሳምንት ኪዳኑ ደርሷል፤ ልብ ግን ከደጅ ነበር።
ምስጋና፦ ትናንት ለቀብር በእግር ሁለት ሰዓት ተጉዞ፣ መስቀልና ጥላ ይዞ በነፋስ የቆመው ዲያቆን። እስካሁን ማንም አላመሰገነውም፤ ነገ ከኪዳን በኋላ ይነገረው።
አገልግሎት፦ የዲያቆኑ ጫማ መቀደዱን ዓርብ 10 ሰዓት ለሰበካ ጉባኤው ሒሳብ ሹም መንገር።

7. ምሥጢርን መጠበቅ

በንስሐ የተሰማ ነገር በምንም ዓይነት በመዝገቡ ላይ አይጻፍም፤ በስም፣ በምልክት፣ በተለወጠ ታሪክም ቢሆን አይጻፍም። የንስሐ አባት የሰማውን እንዳያወጣ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ያስገድደዋል፤ ደብተር ደግሞ ይጠፋል፣ ይሰረቃል፣ ባለቤቱ ሲሞት በሌላ እጅ ይወድቃል። በምክር ጊዜ የተነገሩ የትዳር፣ የሕመምና የጠብ ጉዳዮችም እንዲሁ ናቸው። በአገልግሎት ክፍል ላይ ሰውን ለማስታወስ ያህል ቦታውን ወይም ሥራውን መጥቀስ ይበቃል፤ ሰፈሩ ትንሽ ከሆነና በዚያም ሰውየው የሚታወቅ ከሆነ ይህም ይቅር። ደብተሩ በሚቆለፍ ሣጥን ይቀመጥ።

8. በሳምንት አንድ ጊዜ መልሶ ማንበብ

ቅዳሜ ማታ የሳምንቱን ገጾች መልሰው ያንብቡ። በኅዳጉ ላይ ምልክት ያልተደረገባቸው ምስጋናዎችና ያልተፈጸሙ ተግባራት ወደሚቀጥለው ሳምንት ይሻገሩ፤ አንድ ተግባር ሦስት ጊዜ ከተሻገረ ግን ወይ ለሌላ ሰው ይሰጥ ወይ እንደማይቻል ታውቆ ይሰረዝ። አንድ ዓይነት ድካም በየገጹ ከተደጋገመ የራስን የንስሐ አባት ወይም የሚታመን ባልንጀራ አገልጋይን ማማከር ይገባል፤ መዝገቡ የሰውን ምክር አይተካምና። ቀናት ሳይጻፉ ካለፉ ወደ ኋላ ተመልሶ ባዶ ገጾችን መሙላት አያስፈልግም፤ ከትዝታ የተሞላ ገጽ ብዙ ጊዜ ከእውነቱ ይርቃል፤ ከዛሬው ቀን መጀመር ይሻላል።

ከመዝገቡ ውስጥ ለሌሎች የሚጠቅም ሐሳብ ሲገኝ ለጉባኤ ወይም ለአጥቢያው የቴሌግራም ገጽ ማካፈል ይቻላል፤ ነገር ግን ከተጻፈ ቢያንስ አንድ ሳምንት ካለፈው በኋላ፣ በአዲስ መልክ ተጽፎና የሌላ ሰው ጉዳይ ሁሉ ወጥቶለት መሆን አለበት። ለማካፈል እያሰቡ የሚጽፉ ከሆነ የእምነቱ ክፍል ወዲያው ይለሰልሳል፤ ይህ በሚታይበት ጊዜ ማካፈሉን ለአንድ ወር ያቁሙ።

በጳጉሜን አምስቱ ወይም ስድስቱ ቀናት አዲስ ገጽ አይጻፍ፤ የዓመቱ ደብተር ሙሉ ይነበብና፣ ሳይመሰገኑ የቀሩት ሰዎች ስም በአንድ ወረቀት ላይ ወጥቶ እስከ እንቁጣጣሽ ድረስ በየቤታቸው ይጎብኙ።